ሃያ አንድ ኩርባ፣ አራት ሰከንድ

አልፕ ዱዌዝ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ መኪናውን እየነዳ ይህን ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከፊታችን በጨለማው ውስጥ አንገት የሚያስቀለብስ ገደል ተገትሯል፤ እሱ ግን «አንቺ እኮ ተወልደሽ ያደግሽው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ ይሄ ዓለም የሚያወራለት ጫፍ 1850 ሜትር ብቻ ነው» ይለኛል። ጉዱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ከዳገቱ ሥር ያለችው ቡር ድዋዛን የምትባል ከተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከእሷ ተነስቶ ላይ ለመድረስ 13.8 ኪሎ ሜትር፣ 21 ኩርባ እየዞሩ፣ በየመቶ ሜትሩ በአማካይ ስምንት ሜትር ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። የአባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ደጀን በአውቶቡስ የወጣ፣ ሞተሩ ሲያቃስት የሰማ አንባቢ ይህን ዳገት ያውቀዋል። ያንን ነው እንግዲህ በሁለት እግር ፔዳል እየረገጡ፣ ያውም ከሌላ ትልቅ ተራራ በኋላ፣ ያውም እየተሽቀዳደሙ የሚወጡት።

ሴቶች ናቸው የሚወጡት።

ቀኑ እሑድ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 18 ቀን 2024። የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የመጨረሻ ቀን። እኔ ወደ ፈረንሳይ የመጣሁት ለፓሪስ ኦሎምፒክ ነው። ታምራት ቶላ በማራቶን ወርቁን ሲያጠልቅ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬያለሁ፤ በማግሥቱ ግን ትዕግሥት አሰፋ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ከሲፋን ሐሰን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍታ በሦስት ሰከንድ ስትቀደም፣ እውነቱን ልናገር፣ አልቅሻለሁ። ሲፋን አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ ናት። ብርቱካናማ ማልያ ሳይ ሆዴ የሚላወሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን እያወቀ «ነይ፣ ተራራ ላይ ሴቶች ሲፋለሙ ላሳይሽ» አለኝ፤ የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚያቆመኝ ግን አልነገረኝም።

መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ ቡር ድዋዛን ላይ አቁመን ጎህ ሳይቀድ በእግር ተነሳን። ኩርባዎቹ ከታች ወደ ላይ ቁልቁል ነው የሚቆጠሩት፤ የመጀመሪያው 21 ቁጥር ነው፣ የመጨረሻው 1። በእያንዳንዱ ላይ እዚህ ዳገት ላይ ያሸነፈ ብስክሌተኛ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። 21ኛው ላይ ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ አለ፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1952 የመጀመሪያው አሸናፊ ነው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ ብዬ ብኮራም 16ኛው ኩርባ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አጠረ። የታችኛው ክፍል ነው ጨካኙ። ሰው ደግሞ በየዳሩ ተኝቷል፤ ቀድመው መጥተው የሰፈሩ፣ እንደ ቤት የተሠሩ መኪኖች፣ ድንኳኖች፣ ከአጥር ላይ የተሰጣ ፎጣ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ የሚፈላ ቡና።

7ኛው ኩርባ ላይ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ፈገግ አለ። ገባኝ። ኩርባው የሆላንዶች ነው። በዚህ ዳገት ላይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የሆላንድ ወንዶች ደጋግመው ስላሸነፉ ሆላንዳውያን ይህን ስፍራ የራሳቸው አድርገውታል፤ ባንዲራው ብርቱካናማ፣ ካልሲው ብርቱካናማ፣ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰው ቀለም ብርቱካናማ፣ የሚያጨሱት ጭስ እንኳ ብርቱካናማ። አየሩ የተጠበሰ ቋሊማ፣ የቀለጠ አይብ፣ ቢራና የፀሐይ ቅባት ይሸታል። እኔ ደግሞ ፍልሰታን እጾማለሁ። ቋሊማ በዳቦ 9 ዩሮ፣ ውኃ 3 ዩሮ፣ የእኔ ድርሻ የሆነው የድንች ጥብስ 6 ዩሮ። ብራችን በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ አንድ ዩሮ ከመቶ ብር አልፎ ነበር። ከስድስት መቶ ብር በላይ ለድንች! ከታች ከተማው ውስጥ በአንድ ሱቅ መስኮት ያየሁት ብስክሌት ደግሞ 12,000 ዩሮ ተለጥፎበታል፤ በእኛ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በአንድ ጣት የሚነሳ ብስክሌት።

ሕፃናቱ የላም ቃጭል ያንቃጭላሉ፣ መለከት ይነፋሉ። አገር ቤት ይህ ቀን የቡሄ ዋዜማ ነው፤ የጅራፉ ጩኸት ከየሰፈሩ ይሰማል። ልቤ እዚያም እዚህም ሆነ።

ከጎናችን አንድ የሰባ ዓመት ሰው የሚሆኑ ሆላንዳዊ አዛውንትና ልጃቸው ተቀምጠዋል፤ መኪናቸው በር ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ፤ «ሲፋን!» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። የምመልሰው ጠፋኝና «ትዕግሥት» አልኩ። ሣቁ፣ ግን በክፋት አልነበረም። ወዲያው ወንበር አወጡልን። ውድድሩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የተማርኩትም በቢራ ቆርኪ ነው።

አራት ቆርኪዎች ጠረጴዛው ላይ አሰለፉ። ቱሩ ሰኞ ዕለት ሮተርዳም ላይ ተጀምሮ በሰባት ቀን ስምንት ምዕራፍ የሚሸፍን፣ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጋለብበት ነው። የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፤ ድምሯ ያነሰው ቢጫውን ማልያ ትለብሳለች። በዚያ ላይ በአብዛኞቹ ምዕራፎች መድረሻ ላይ የጉርሻ ሰከንድ አለ፦ ለአንደኛ 10፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4 ሰከንድ ከድምሯ ይቀነስላታል። «ይህን ጉርሻ አትርሺ» አሉኝ አዛውንቱ። አልረሳሁትም።

የመጀመሪያው ቆርኪ የፖላንዷ ካሻ ኒየቭያዶማ ናት፤ በ2022ም በ2023ም ሦስተኛ የወጣች፣ አሁን ቢጫውን የለበሰች። ሁለተኛው ዴሚ ቮለሪንግ፣ ያለፈው ዓመት አሸናፊ፣ የሆላንዶቹ ንግሥት። ሦስተኛው ፓውሊና ሮያከርስ፣ እሷም ሆላንዳዊት፣ ግን የሌላ ቡድን ልጅ። አራተኛው ጣሊያናዊቷ ጋያ ሬያሊኒ። አዛውንቱ የቮለሪንግን ቆርኪ ወደ ኋላ ገፉት። ከሦስት ቀን በፊት ወደ አምኔቪል ሲገሰገስ፣ መድረሻው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ ቢጫ ለብሳ ሳለ ወደቀች። ቆስላ ተነስታ ብትጨርስም 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ አጣች። ያን ቀን ያሸነፈችው የራሷ ጓደኛ፣ የአንድ ቡድን ልጅ የሆነችው ሃንጋሪያዊቷ ብላንካ ቫስ ናት። ሁለተኛ የወጣችው ደግሞ ኒየቭያዶማ። «መሪያችሁ አስፋልት ላይ ወድቃ እናንተ ትጋልባላችሁ?» አልኩ በንዴት። አዛውንቱ ዝም አሉ። ልጃቸው ናት የመለሰችልኝ፦ በዚያ ጥድፊያ ከፊት ያለ ሰው ከኋላ የሆነውን ሁሉ አያውቅም፤ የቡድኑ ውሳኔ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል አለች።

እሑድ ጠዋት ከለ ግራን ቦርናን ሲነሱ ቮለሪንግ ከኒየቭያዶማ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወደ ኋላ ነበረች። የቀረው 150 ኪሎ ሜትርና ሁለት ግዙፍ ተራራ ብቻ። መጀመሪያ ግላንዶን፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት፤ ከዚያ እኛ የቆምንበት።

ለምን ተራራ ላይ እንደሚያጠቁ የገባኝ ያኔ ነው። ሜዳ ላይ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፤ ከሌላ ሰው ጎማ ኋላ ተለጥፎ የሚጋልብ ሲሶ የሚያህል ጉልበት ይቆጥባል፤ ስለዚህ ጠንካራዋ ብታመልጥ እንኳ ደካሞቹ ተረዳድተው ይደርሱባታል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መጋረዱ ብዙ አይጠቅምም። ክብደትና ሳንባ ብቻ ይቀራል። ጠንካራ የሆነ ይሄዳል፤ ያልሆነ ይቀራል። ችግሩ ግን በሁለት ተራራ መካከል ሸለቆ መኖሩ ነው። ሸለቆው ሜዳ ነው። እዚያ ሲደርሱ ነፋሱ ይመለሳል፤ ብቻዋን ያለች ሴት ተራራው ላይ ያገኘችውን እዚያ ትከፍላለች። አዛውንቱ በሁለት ጣታቸው የቮለሪንግን ቆርኪ ከፍ አድርገው «እስከዚህ ጠብቃ የመጨረሻው ዳገት ላይ ብትወጣ ጊዜው አይበቃትም፤ ከግላንዶን ብትወጣ ሸለቆው ይበላታል» አሉ።

ከግላንዶን ወጣች።

ጫፉ ሲቃረብ፣ መድረሻው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከኮርቻዋ ብድግ ስትል አየናት። ኩርባችን በሙሉ ብድግ አለ። ቢጫዋ ወዲያው ቀረች፤ አፏ ተከፍቶ፣ ትከሻዋ እየተወዛወዘ። አብሯት የሄደች አንዲት ብቻ ነበረች፦ ሮያከርስ። አባትና ልጅ ተያዩ፤ እሳቸው የቮለሪንግ፣ ልጃቸው የሮያከርስ ደጋፊ ናት። ቤት ውስጥ ያለ ጠብ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ግድብ አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ቮለሪንግ ትጎትታለች። ሮያከርስ ከኋላ ናት። ቮለሪንግ ክርኗን ታወዛውዛለች፤ ነይ፣ አግዢኝ ማለት ነው። አብዛኛውን ሥራ የሠራችው ግን ራሷ ቮለሪንግ ናት። ሮያከርስ ለምን ትጎትታለች? ቢጫው ለእሷም ቅርብ ነው። ያችን ሴት ወስዳ ዙፋን ላይ ብታስቀምጣት የሚከፍላት የለም።

ከኋላ ደግሞ ሌላ ተአምር። ኒየቭያዶማ ብቻዋን ቀርታ፣ ከቡድኗ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ ሳይኖር፣ ሸለቆው ላይ ከሌሎች ጋር ተገናኘች። እዚያ ሬያሊኒ ነበረች፤ ሬያሊኒ ደግሞ ጓደኛ ነበራት፣ ሉሲንዳ ብራንድ የምትባል ልምድ ያላት ሆላንዳዊት። ብራንድ ጎንበስ ብላ ነፋሱን እየሰነጠቀች ለሬያሊኒ ጎተተች። የሬያሊኒ ቡድን ያሰበው ሬያሊኒን መድረክ ላይ ለማውጣት ነው። ግን ከእነሱ ጎማ ኋላ ቢጫዋ ተቀምጣለች፤ ማንንም ሳትለምን፣ የሌሎች ፍላጎት እየወሰዳት። «አየሽ፣ የእኛው ልጅ ናት የእኛዋን የምታሳድደው!» ብለው አዛውንቱ ራሳቸውን ያዙ።

እኔ ደግሞ የፓሪሱ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ትዝ አለኝ። ሦስት ሆነን ገብተን ያለ ሜዳሊያ የወጣንበት። በሩጫ እኛ የቡድን ሥራን እናውቀዋለን፤ አንዷ ፍጥነቱን ታከራለች፣ ሌላዋ ትጨርሳለች፤ ሲሳካ አረንጓዴው ጎርፍ እንለዋለን። እዚህ ያየሁት ግን ከዚያ አንድ ደረጃ ያለፈ ነው። የራስን ቡድን ማሠራት ብቻ አይደለም፤ የባላጋራን ቡድን ሳያውቀው ለራስ ማሠራት ነው። ሲፋንም ትዕግሥትን ያሸነፈቻት እስከ መጨረሻው ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን ግፍ መስሎኝ ነበር። አልፕ ዱዌዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ሙያ መሆኑ ገባኝ፤ ሕመሙ ግን አልቀነሰልኝም።

ከዚያ መጡ።

መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩ፣ ቀጥሎ ሞተር ብስክሌቶቹ፣ ቀጥሎ ከታች ኩርባ ወደ ላይ እንደ ናዳ የሚጎርፍ ጩኸት። ሕዝቡ መንገዱን ጥሶ ገብቶ አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀረ። ቮለሪንግ አጠገቤ ስታልፍ እጄን ብዘረጋ እደርስባት ነበር። የደረቀ የላብ ጨው ማልያዋ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓይኗ ማንንም አያይም። ብርቱካናማው ጭስ መሀል የካቴናው ድምፅ ብቻ፣ ቀጭን፣ እኩል፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ሮያከርስ ከኋላዋ፤ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ጎማ ላይ ሳትነቅል። በብርቱካናማ ቂሜን ይዤ የመጣሁት እኔ ራሴን ያገኘሁት «በርቺ! በርቺ ዴሚ!» እያልኩ በአማርኛ ስጮህ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ እየጎተተች ስለነበር። ሌላ ሰው የማይጎትትላትን ሸክም ብቻዋን ተራራ ላይ ስታወጣ ስላየኋት።

የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል። ቢጫዋ ገና አልመጣችም። ገና። አዛውንቱ እጃቸውን አጣምረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ ቢጫው ብቅ አለ፤ አጠገቧ ፈረንሳያዊቷ ኤቪታ ሙዚክ። ኒየቭያዶማ በሁለት ትከሻዋ እየታገለች ነው የምትጋልበው፤ አያምርም፣ ግን አይቆምም። ሆላንዶቹ ለእሷም አጨበጨቡ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

መድረሻውን ያየነው ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፍተን ነው። ቮለሪንግ በመጨረሻው ሩጫ ሮያከርስን ቀድማ ገባች፤ 10 ሰከንድ ጉርሻ። መሬት ላይ ወደቀች። ሰዓቱ መቁጠሩን ቀጠለ። ኒየቭያዶማ አራተኛ ሆና ገባች፣ ከ1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ በኋላ። ማንም አልተናገረም። አዛውንቱ እርሳስ አውጥተው የዳቦ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ 75 ሲቀነስ 61፣ ሲቀነስ 10።

አራት።

ከ24 ሰዓት ከግማሽ በላይ ጋልበው፣ ከሮተርዳም እስከ አልፕስ አገር አቋርጠው፣ አራት ሰከንድ። በወንዶቹም ሆነ በሴቶቹ ቱር ታሪክ ከዚህ የጠበበ ልዩነት የለም፤ የወንዶቹ ክብረ ወሰን የ1989ኙ 8 ሰከንድ ነው። ሮያከርስ በ10 ሰከንድ ሦስተኛ። የዳቦውን ወረቀት ተቀብዬ አየሁት፤ ያኔ ጉርሻው ትዝ አለኝ። አምኔቪል ላይ፣ ቮለሪንግ በወደቀች ቀን፣ ኒየቭያዶማ ሁለተኛ ወጥታ ስድስት ሰከንድ ጎርሳለች። ስድስት ከአራት ይበልጣል። ይህን ተራራ ያሸነፈችው ተራራ በሌለበት፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ ማንም ስለ ስድስት ሰከንድ ባላወራበት ምሽት ነው። ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ልጃቸው ስለ ሮያከርስ ስትከራከር ቆየች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። አባቷ፣ ሮያከርስ ብታግዛት ኖሮ ዴሚ ታሸንፍ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ አምስት ሰከንድ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፣ ሸለቆው ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነፋሱን ብትጋርድላት ይገኝ ነበር። ግን ሮያከርስ የአገሯን ባንዲራ ለብሳ አልነበረም የምትጋልበው፤ ደመወዝ የሚከፍላት ቡድን አላት፣ የራሷም ተስፋ አላት። ለባላጋራዋ ቢጫ ማልያ ልትሰጥ ግዴታ የለባትም። ቮለሪንግን ያጎደላት ሮያከርስ ሳትሆን ሸለቆው ላይ የሚጎትትላት የራሷ ሰው አለመኖሩ ነው። ቡድኗ ቀደም ብሎ አንዲት ጓደኛዋን አምልጠው ከፊት ከሚጋልቡት ጋር ልኮ ሸለቆው ላይ ቢያስጠብቃት ኖሮ ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር። የብራንድ ሥራ እኮ ያ ነው።

ገንዘቡን ስሰማ ተናደድኩ። የሴቶቹ ቱር አሸናፊ 50,000 ዩሮ፣ የወንዶቹ 500,000። የእኛ ሯጮች በትልልቅ ማራቶኖች ሴትም ወንድም እኩል ሲሸለሙ ስላየሁ ይህ አልዋጥልኝ አለ። በ1984 የተጀመረው የሴቶቹ ቱር ለዓመታት ተቋርጦ በአሁኑ መልኩ የተመለሰው ገና በ2022 ነው፤ ሕዝቡን ግን እዚያ ኩርባ ላይ ስላየሁት ይህ የገንዘብ ልዩነት ብዙ እንደማይቆይ አምናለሁ። አፍሪካም እየቀረበች ነው። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በእነሱ አቆጣጠር በ2016 የወንዶቹን ቱር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከትግራይ የወጣችው እየሩ ተስፎአም በዚያው ሰሞን በፓሪስ ኦሎምፒክ ጋልባለች፤ የለበሰችው ግን የስደተኞችን ቡድን ማልያ ነው፣ ያን ሳስብ ያመኛል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሞሪሸሷ ኪምበርሊ ለኮርት የሴቶቹን ቢጫ ማልያ የለበሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ከ2300 ሜትር በላይ የሚኖር ሕዝብ፣ ዳገቱ ከደጁ የሆነ ሕዝብ፣ ብስክሌቱ ዋጋው ሚሊዮን ብር ስለሆነ ብቻ ከዚህ መድረክ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፦ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት አይከፈልበትም። ከግሬኖብል ቡር ድዋዛን ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ድረሱ፣ ውኃና ስንቅ ከታች ያዙ፣ ላይ ዋጋው ያስደነግጣል። ኩርባ ላይ ቁሙ፣ እዚያ ዝግ ብለው ስለሚዞሩ ፊታቸውን ታያላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ቴሌቪዥን ያለው ሰው አጠገብ ተጠጉ፤ ሆላንዶቹ ወንበር አይነፍጉም። ተራራው እናንተ ጋ እስኪደርስ ሸለቆው እንዳያመልጣችሁ።